የወፍጮ ቤቱ ግቢ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ላለ አንድ የባቡር መጫወቻ የሰልፍ መጠበቂያ የሚሆን ግቢ መገንባት ነው። ወርዱ 18፣ ርዝመቱ 25 ሜትር። መምሰል ያለበት በተራራ ሥር ያለ የድሮ የውኃ ወፍጮ ነው፦ በሰሜን ባለ ሦስት ፎቅ ወፍጮ ቤት፣ በምሥራቅ አለት፣ ከአለቱ ወርዶ መንኮራኩሩን የሚመታ ውኃ። ጎብኚዎች ባቡሩ ላይ የሚቆዩት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ሰልፉ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። ግድግዳ የሚያየው፣ ድንጋይ የሚነካካው፣ ቀለም በጥፍሩ የሚፍቀው ጎብኚ እዚህ ነው ያለው። ስለዚህ የበጀቱም የድካሙም ትልቁ ድርሻ ወደዚህ ግቢ ገባ።

ሳምንት 1፦ የጉዳት ካርታ

ብረት ከመታዘዙ በፊት የተዘጋጀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የግቢው ፕላን ላይ በሰማያዊ ውኃ የሚደርስበት ሁሉ ይቀባል፣ በቢጫ ፀሐይ የሚበረታበት፣ በቀይ ሰው የሚነካውና የሚረግጠው፣ በቡኒ የጭነት ጋሪ የሚያልፍበት። ከዚያ የጥገና ታሪክ ይጨመራል፦ የምሥራቁ ማዕዘን በጎርፍ ተጎድቶ በሌላ ዓይነት ድንጋይ ታድሷል፤ አንዱ የምድር ቤት መስኮት በጡብ ተደፍኗል፤ የጣሪያው ግማሽ ከሌላው ግማሽ ያነሰ ዕድሜ አለው።

የዚህ ወረቀት ጥቅም የሚታወቀው ቀለም ቀቢዎቹ ሲገቡ ነው። ካርታ ያልተሰጠው ቀቢ እድፉን በእኩል ይረጨዋል፤ የሚወጣውም አቧራ የለበሰ አዲስ ግድግዳ ነው። ጎብኚው ምን እንደጎደለው መናገር ባይችልም አያምነውም። ያረጀ ነገር እኩል አያረጅም፤ ውኃ የነካው በአንድ መንገድ፣ እጅ የነካው በሌላ መንገድ ነው የሚያልቀው። በዚህ ግቢ ምክንያቱ ካርታው ላይ የሌለ እድፍ አይፈቀድም።

ሁሉም ቦታ ማርጀት አለበት ማለት አይደለም። በ1955 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በካሊፎርኒያ አናሃይም የተከፈተው የዲዝኒላንድ መዝናኛ ፓርክ ዋና ጎዳና ሁልጊዜ ትናንት የተቀባ መስሎ እንዲታይ ነው የሚጠበቀው፤ እዚያ ቀለም ከተላጠ ብልሽት ነው። በፍሎሪዳ በ1998 የተከፈተው አኒማል ኪንግደም የተባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ያለችው ሃራምቤ የተባለች የምሥራቅ አፍሪካ መንደር ደግሞ በተላጠ ቀለም፣ በደበዘዘ የግድግዳ ማስታወቂያና በተጠጋገነ ልስን ነው የቆመችው። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው ሁለቱን አንድ ግቢ ውስጥ መቀላቀል ነው።

ሳምንት 2፦ የእይታ መስመር

ከአለቱ ጀርባ 45 ሜትር ላይ 12 ሜትር ከፍታ ያለው የመኪና ማቆሚያ መብራት አለ። ይህ አንድ ምሰሶ ከታየ ወፍጮው ሁሉ ካርቶን ይሆናል። አለቱ ምን ያህል ይቁም የሚለው በቀላል ስሌት ይገኛል፤ የዓይን ከፍታ 1.6 ሜትር ተይዟል። ከአለቱ 15 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ምሰሶው 60 ሜትር ይርቀዋል፦ 1.6 + (12 − 1.6) × 15 ÷ 60 = 4.2 ሜትር። ግቢው ጫፍ 25 ሜትር ላይ ለቆመው ግን፦ 1.6 + 10.4 × 25 ÷ 70 = 5.3 ሜትር። የሚወስነው ሩቅ የቆመው ጎብኚ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት መከለያውን ከሥሩ ቆመው ስለሚለኩት ነው፤ ከሥሩ ሁሉም ነገር ይከለላል። አለቱ 5.6 ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ከስሌቱ በኋላም በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ ታስሮ፣ አንድ ሰው ዘንጉን ይዞ አለቱ በሚቆምበት መስመር ሲሄድ፣ ሌላው ከግቢው ዳር ዳር እየቆመ አረጋግጧል። አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ልጅ ዓይኑ ከ1.6 ሜትር በላይ መሆኑም አይዘነጋም፤ ለዚያ ከአለቱ ጀርባ ዛፍ ይተከላል።

መከለያ የሙያው መሠረት ነው። ዲዝኒላንድም ሲሠራ ዙሪያውን በአፈር ክምር ነው የታጠረው። ቁመትም እንዲሁ ወሳኝ ነው፦ በ2006 የተከፈተው የአኒማል ኪንግደም ሰው ሠራሽ የኤቨረስት ተራራ ከ200 ጫማ (61 ሜትር ገደማ) ጥቂት ዝቅ ብሎ የቀረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዚያ ከፍታ በላይ የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ መብራት የመትከል ግዴታ ይመጣል፤ ቀይ መብራት የሚያበራ ሂማላያ ደግሞ ማንንም አያሳምንም።

ሳምንት 3 እና 4፦ የወፍጮ ቤቱ ፊት

ቤቱ 11 ሜትር መምሰል አለበት፤ የተፈቀደው 9 ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ፎቆቹ ወደ ላይ ሲወጡ ያንሳሉ። ምድር ቤቱ 3.6 ሜትር፣ ሁለተኛው 2.8፣ ሦስተኛው 2.1፣ የቀረው የጣሪያው ክፈፍ። የዲዝኒላንድ ቤተ መንግሥት 23 ሜትር ሆኖ ሳለ ከዚያ በላይ የሚመስለው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የታችኛው ድንጋይ ትልቅ፣ የላይኛው ትንሽ ነው።

ዘዴው የሚበላሸው ፎቁ ብቻ አንሶ ሌላው ሳያንስ ሲቀር ነው። የመስኮቱ መስታወት፣ የድንጋዩ ረድፍ፣ የጣሪያው ክዳን፣ የማጠፊያው ብረት፣ የበሩ እጀታ ሁሉ በዚያው መጠን መቀነስ አለበት፤ የሦስተኛው ፎቅ ዕቃ የምድር ቤቱን 58 በመቶ ያህል ይሆናል። ከገበያ የተገዛ አንድ መደበኛ ፋኖስ እዚያ ላይ ከተሰቀለ የቤቱ እውነተኛ ቁመት ወዲያው ይጋለጣል። ስለዚህ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ የሚሰቀል ዕቃ በሙሉ በልክ የተሠራ ነው፤ ለጥገና የሚወጣ ሰውም መስኮቱ ላይ በሥራ ሰዓት እንዳይታይ መግቢያው ከኋላ ሆነ።

ዘዴው ከ7 ሜትር ቀረብ ካሉ አይሠራም፤ ቀና ሲሉ ፎቆቹ ተጨፍልቀው ይታያሉ። አጥር ማድረግ ይቻል ነበር፤ ያለምክንያት የቆመ አጥር ግን ሌላ ጥያቄ ይጠራል። የወፍጮው ቦይ በግድግዳውና በሰልፉ መካከል እንዲያልፍ ተደረገ። ሰውን የሚያርቀው ውኃው ነው፣ ውኃው ደግሞ እዚያ የመሆን መብት አለው።

የቁሳቁስ ደንብ፦ እጅ እስከሚደርስበት 2.2 ሜትር ድረስ እውነተኛ ድንጋይ፣ እውነተኛ እንጨት፣ እውነተኛ ብረት። ከዚያ በላይ ፋይበርግላስና ቀላል ሲሚንቶ ይፈቀዳል። ሰው ዓይኑን ለማታለል ፈቃደኛ ነው፤ አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ ከሰማ ግን ጨዋታው አበቃ።

ሳምንት 5 እስከ 8፦ አለቱ

አጥንቱ 10 ሚሊሜትር ፌሮ ነው፣ በ20 ሳንቲሜትር ልዩነት መረብ ሆኖ የታሰረ፣ በየ1.2 ሜትሩ ከዋናው የብረት ማዕቀፍ ጋር የተበየደ። በላዩ ዚንክ የተለበጠ የልስን መረብ በየ15 ሳንቲሜትሩ በሽቦ ይታሰራል። መረቡ በእጅ ሲገፋ የሚርገበገብ ከሆነ ማሰሪያው አንሷል፤ የሚርገበገብ መረብ ላይ የተለጠፈ ሲሚንቶ በወራት ውስጥ ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያው ልስን ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው፤ ሳይደርቅ በጥርስ ብረት ይቧጨራል፣ የሚቀጥለው እንዲይዝለት። የሚቀረጸው ንብርብር 5 ሳንቲሜትር። ድብልቁ በመጠን አንድ ሲሚንቶ፣ ሦስት የታጠበ ሸካራ አሸዋ፣ በሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ባለ 12 ሚሊሜትር የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ) ክር፣ እንዲሁም ከሲሚንቶው ክብደት 3 በመቶ የብረት ኦክሳይድ ቀለም። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ላዩ ይቀባ የለ እንዴ ይላሉ። አለቱ ሲቆረስ ግን ከውስጥ የሚወጣው ነጭ ግራጫ ከሩቅ ይጮኻል። ድብልቁ በማንካ ተይዞ ማንካው ሲገለበጥ ካልወደቀ ልክ ነው፤ ከወደቀ ውኃው በዝቷል።

የመቅረጫው ጊዜ እንደ ሙቀቱ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ትልልቁ ቅርጽ በእንጨት ይወጣል፣ ቀጥሎ ስንጥቁ በቢላ፣ መጨረሻ ላይ የድንጋዩ ቆዳ ከእውነተኛ አለት በተቀዳ የሲሊኮን ማተሚያ። ማተሚያው በየጊዜው ካልዞረና ካልተደራረበ ተመሳሳይ እብጠት በየሜትሩ ይደገማል። የቢላ ምልክት በረጠበ ብሩሽ ይደመሰሳል። በጣም ቶሎ የተቀረጸ ጠርዝ ይንሸራተታል፣ ዘግይቶ የተቀረጸ ደግሞ እየተፈረፈረ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይቀራል።

ከሁሉም በላይ አለትን ሐሰት የሚያደርገው የንብርብሩ ዘንበል ነው። ተፈጥሮ ንብርብሩን ሁሉ ባንድነት ነው የሚያጋድለው። አራት ቀራጮች ጎን ለጎን ሲሠሩ ግን አንዱ አግድም፣ አንዱ 20 ዲግሪ ይወስደዋል። እዚህ 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ተብሎ ተወሰነ፤ በየክፍሉ በዚያው ዘንበል ሲባጎ ተወጠረ፣ ከ1 ለ20 የተሠራው ሞዴልም መወጣጫው ላይ ቆመ። የቀኑ ሥራ የሚቆመው ሁልጊዜ ስንጥቅ ላይ ነው እንጂ የድንጋዩ ፊት ላይ አይደለም፤ የመለጠጫ ክፍተቶቹም በየ3 ሜትሩ ጥልቅ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀዋል።

ከዚያ ሰባት ቀን በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ይጠጣል። ቀለም ከ28 ቀን በፊት አይነካውም፤ ከቸኮሉ ከውስጥ የሚወጣው ኖራ ቀለሙን እየገፋ በነጭ ዱቄት ይሸፍነዋል።

ሳምንት 9፦ መንኮራኩሩ

በብዙ ፓርኮች ያሉ ወፍጮዎች አንድ ስህተት ይጋራሉ፦ ውኃው በአንድ አቅጣጫ ይፈስሳል፣ መንኮራኩሩ በሌላ ይዞራል። ሞተር ስለሚያዞረው ማንም አልጠየቀም። ውኃ ከላይ የሚወርድበት መንኮራኩር ራሱ ውኃው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። እዚህ ውኃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚመጣ፣ ፊቱን ወደ ወፍጮው ላደረገ ጎብኚ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያልፈው፤ መንኮራኩሩም በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይዞራል።

ፍጥነቱም እንዲሁ። ዲያሜትሩ 3.6 ሜትር ነው፤ የእውነተኛ መንኮራኩር ጠርዝ በሰከንድ 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ይህ በደቂቃ ዘጠኝ ተኩል ዙር ይሆናል። 1.5 ኪሎዋት ሞተር በ1,450 ዙር ከ1 ለ150 ጊር ጋር ተገጥሞ እዚያው አካባቢ አደረሰው። በደቂቃ 20 ዙር ሲሞከር መጫወቻ ነው የመሰለው፤ ግዙፍ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው።

ማዕቀፉ ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ልብሱ 4 ሳንቲሜትር ጠንካራ እንጨት። በየገንዳው ታች 20 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ተበስተዋል። ያለ እነሱ ገንዳዎቹ ሞልተው የሚወርደው ጎን ይከብድና ሞተሩን ቀድሞ ይሮጣል፤ ጊሩ የሚበላውም ያኔ ነው። ማታ ውኃው ከተዘጋ በኋላ መንኮራኩሩ ሩብ ሰዓት በባዶ ይዞራል፣ አለበለዚያ የታችኛው ጎን ብቻ ውኃ ጠጥቶ ሚዛኑ ይዛባል።

ፓምፑ በሰከንድ 15 ሊትር ይገፋል፤ ይህ በ60 ሳንቲሜትር አሸንዳ ላይ ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር ያህል ውኃ ያስኬዳል። ፓምፑ ሲቆም በቦዩ ያለው ውኃ በሙሉ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፦ 20 ሜትር በ0.8 ሜትር በ5 ሳንቲሜትር፣ 0.8 ሜትር ኩብ። ማጠራቀሚያው ይህን የሚቀበል ባዶ ቦታ ከሌለው ሰልፉ መሐል ያጥለቀልቃል። የሚረጨው ጤዛ ሰው ስለሚተነፍሰው ውኃው በክሎሪን ይታከማል፣ በየጊዜው ይመረመራል፤ ክሎሪኑ ደግሞ እንጨቱን ያነጣል፣ ስለዚህ እዚያ አካባቢ ያለው ቡኒ ከቀለም ይልቅ ከእንጨቱ ዓይነት ቢመጣ ይሻላል።

ሳምንት 10፦ ወለሉ

የታተመ ኮንክሪት። ጣት ሲጫን 5 ሚሊሜትር ሲገባ ማተም ይጀመራል። የጋሪ ዱካ ሁለት መስመር ሆኖ፣ በ1.4 ሜትር ልዩነት፣ ከመግቢያው እስከ የዱቄት ከረጢት ማውጫው በር ድረስ ብቻ ይሄዳል፤ በሩ ጋ የማይደርስ ዱካ ትርጉም የለውም። የዱካው ጥልቀት ከ6 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የሕፃን ጋሪ ያልፋሉና። ጥልቅ የሚያስመስለው ከአንድ ወገን የተቀባ ጥቁር ጥላ ነው። ዳገቱም ከ1 ለ12 አይከብድም።

ደፉ ላይ ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ ተቀበረ። ያለቀ ድንጋይ ደፍና ወለል መሆኑ ከልማድ የመጣ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ጌጥም አይገኝም።

ሳምንት 12፦ እንጨትና ብረት

አዲስ ጥድ ወደ ግራጫ የሚለወጠው እንዲህ ነው። በሽቦ ብሩሽ በጭረቱ አቅጣጫ ሲፋቅ ለስላሳው ይወጣል፣ ጠንካራው መስመር ይቀራል። ጥድ ታኒን (ብረት ሲነካው የሚጠቁር የእንጨት ንጥረ ነገር) ስለሚያንሰው መጀመሪያ ወፍራም የሻይ ውኃ ይቀባል፤ ሲደርቅ የብረት ሱፍ ለቀናት የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ ይከተላል። በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። ታኒን የበዛበት ኦክ የተባለው እንጨት ላይ ሻይ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ኮምጣጤው መቅጠን አለበት፤ ካልሆነ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ከዝናብ የተከለለው የጣሪያው ሥር ግን ግራጫ መሆን የለበትም፤ እዚያ እንጨት ቡኒ ሆኖ ነው የሚኖረው።

ጽሑፉ ሌላ ወጥመድ ነው። በኮምፒውተር ፊደል ተቆርጦ ከዚያ የተላጠ ሰሌዳ ላይ ተመሳሳይ ፊደላት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ዓይን ይይዘዋል። ሰሌዳው በእጅ ተጽፎ በአሸዋ ወረቀት ፀሐይ በሚመታው ወገን ብቻ ተፋቀ።

ሳምንት 13 እስከ 15፦ ማስረጀት

መጀመሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ናሙና ተቀብቶ ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ቀትር፣ ማምሻ፣ ሌሊት በራሱ መብራት ታየ። አውደ ጥናት ውስጥ ያማረ ቀለም ፀሐይ ላይ ግማሹ ይጠፋል።

አለቱ ላይ መሠረቱ ይቀባል፣ በላዩ ሦስት ጎረቤት ቀለሞች በስፖንጅ ሳይገናኙ ይጣላሉ። ከዚያ አንድ እጅ ጥቁር ቡኒ በስምንት እጅ ውኃ ቀጥኖ ከላይ ይፈስሳል፤ ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከፊቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በስፖንጅ ይነሣል። ከዘገየ ዳሩ ላይ ደርቆ የቡና ስኒ ቀለበት የመሰለ መስመር ይተዋል። መጨረሻ በደረቅ ብሩሽ የጠርዙ ብርሃን።

ግድግዳው ላይ ካርታው ይወጣል። የመስኮቱ ደረጃ ድንጋይ ውኃ የሚያንጠባጥበው ከሁለት ጫፎቹ ነው፤ ጥቁሩ መስመርም ከጫፎቹ ይጀምርና ሲወርድ እየሳሳ ይጠፋል። ከመሐል የሚጀምር መስመር ስህተት ነው። የዝገት እንባ ከምስማር ራስ በታች ብቻ፤ መጀመሪያው ቀይ ቡኒ፣ ጭራው ቢጫ። የጭቃ ፍንጣቂ ከመሬት እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ የጣሪያ አሸንዳ በሌለበት ወገን ከፍ ይላል። የድንጋይ ሽበት ጥላና እርጥበት ባለበት ብቻ፣ ማለትም መንኮራኩሩ ውኃ ከሚረጭበት ቦታ አይሻገርም። የበሩ እጀታና መደገፊያው አይጠቁሩም፣ ይልቁንም ያበራሉ፤ እጅ የሚያደርገው ማለስለስ ነው፣ ለዚያም ከፊል የሚያበራ ቫርኒሽ በቂ ነው።

ለዱቄቱ ልዩ ትኩረት ተሰጠ። ነጭ ዱቄት ከከረጢት ማውጫው በር በላይ፣ ከጣሪያው ክንፍ ሥር ባሉት ጠርዞች ላይ ይተኛል፤ ዝናብ የሚያገኘው ጠርዝ ላይ ግን ቅንጣት አይገኝም። ዝናብ የሚደርስበት ቦታ ላይ የተቀባ ዱቄት የወፍ ኩስ ነው የሚመስለው።

ሳምንት 16፦ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ

ድምፁ በሦስት ቅጂ ተከፈለ፦ የእንጨት ሲጢጥ 7 ደቂቃ፣ የሠራተኞች ጫጫታ 11፣ ወፎች 13። ሦስቱ በአንድነት መነሻቸው ላይ የሚገናኙት ከ1,001 ደቂቃ በኋላ ነው፤ በመካከሉ ሠራተኛው ራሱ አይሰለችም፣ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰማው። የድንጋዩ ጉምጉምታ በስፒከር ከላይ አይመጣም፤ ባስ ስፒከር ከእንጨቱ ወለል ሥር ታስሮ ከ30 እስከ 40 ኸርዝ ያንቀጠቅጣል፣ በእግር ነው የሚሰማው። ማስታወቂያ ድምፅ ከፏፏቴው ቢያንስ 10 ዴሲቤል መብለጥ አለበት፤ ካልሆነ አደጋ ሲመጣ ማንም አይሰማም።

ፋኖሶቹ 2,000 ኬልቪን አካባቢ ናቸው። እያንዳንዱ ብርሃኑን የሚያርገበግብ የራሱ መሣሪያ አለው፤ በአንድ መቆጣጠሪያ ሲሠሩ ሁሉም አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሽታው (የተቆላ እህልና እርጥብ እንጨት) መግቢያው ላይ ብቻ ነው፤ አፍንጫ በጥቂት ደቂቃ ስለሚለምደው ግቢው ሁሉ እንዲሸት ማድረግ ብክነት ነው።

የአደጋ መውጫ ምልክት አይቀባም፣ አይሸፈንም፣ አያረጅም። ከሱ አጠገብ ያለው ግድግዳ ሆን ተብሎ ባዶ ተተወ።

ከተከፈተ በኋላ

በየግድግዳው የመክፈቻ ቀን ፎቶ ተነሥቷል፤ የቀለሙ ቅመም ከነመጠኑ በጣውላ ላይ ተቀብቶ ጨለማ ክፍል ተቀምጧል። ጥገና ሠራተኛው መለየት ያለበት ሁለት ነገር ነው። የመደገፊያው ማብረቅረቅ፣ የደረጃው መሐል መጎድጎድ፣ ከአሸንዳው በታች የወጣው እውነተኛ ኖራ በካርታው የተፈቀዱ ናቸው፣ አይነኩም። የተቆረሰ ጠርዝ፣ የተለጠፈ ማስቲካ፣ በቁልፍ የተጫረ ስም ግን በዚያው ሌሊት ይነሣሉ፤ አንድ ስም ካደረ በማግሥቱ አጠገቡ ሌሎች ይጨመራሉ። ከመንኮራኩሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ደረጃዎች ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽበት ለዓይን ያማረ ቢሆንም ያንሸራትታል፤ በየጠዋቱ በጠንካራ ብሩሽ ይፋቃል፣ ቀለም ግን ግድግዳው ላይ ብቻ ይመለስለታል።